ዓመት የሌለው ወረቀት፦ ስለ ቴያትር ፕሮግራምና ስለ ተመልካቹ አስተያየት

በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሠፈር ለኮሪደር ልማት ሲፈርስና ነዋሪው ወደ ሌሎች ሠፈሮች ሲዛወር፥ ዕቃ በማንሣት ከረዳናቸው ጎረቤቶቻችን መካከል አንዲት አረጋዊት እናት ከአልጋቸው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አስወጡን። ሣጥኑ ሲከፈት የሠርግ ፎቶግራፍ፥ የቤት ግብር ደረሰኝ፥ የሟች ባለቤታቸው የሹመት ደብዳቤና በክር የታሰሩ ዐሥራ ሁለት ወረቀቶች ተገኙበት። ወረቀቶቹ የቴያትር ፕሮግራሞች ነበሩ። ባለቤታቸው በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሓፊ የነበሩ ሲሆን፥ ቴያትር ባዩ ቁጥር በበር ላይ የሚታደለውን ወረቀት አጥፈው በደረት ኪሳቸው ይዘው ይመለሱ ነበር። እኛ የሠፈሩ ልጆች «እትዬ» እያልን የምንጠራቸው እኒህ እናት ሣጥናቸውን ይዘው ቂርቆስ ወደምትኖረው ልጃቸው ቤት ገቡ። እኛም ወረቀቶቹን ደኅና አድርገን ለማየት አንድ እሑድ ከቡና ሰዓት ተከትለናቸው ሄድን።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያሰብነው በዚያ ቀን ነው። የቴያትር ፕሮግራም ምን መምሰል እንደሚገባው፥ በላዩም ምን ሊጻፍ እንደሚገባ ተመልካቾች ልዩ ልዩ አሳብ አላቸው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ወረቀቱን የሚያነበው የዚያ ምሽት ተመልካች ብቻ እንዳልሆነ ስናስተውል፥ ነገሩ የታሪክ ጉዳይ ሆኖ እናገኘዋለን።

የሠፈሩ ስም ራሱ ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። «ካዛንቺስ» የሚለው ስም ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት የመጣ ነው። የድርጅቱ ረዥም ስም በየቃሉ የመጀመሪያ ፊደል ሲያጥር «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዛ» ማለት ደግሞ በጣልያንኛ ቤት ማለት ነው። የአገራችን ሰው ሁለቱን አጋጥሞ ካዛንቺስ አለው። ድርጅቱ ሄደ፥ ቤቶቹም አረጁ፥ ምኅጻረ ቃሉ ግን የሠፈር ስም ሆኖ ቀረ። በዚያው ሠፈር ተወልደው ካደጉት ብዙዎቹ ትርጓሜውን አያውቁትም። በአጭሩ የተጻፈ ነገር ለጊዜው ሰው ግልጥ ሲሆን፥ ለኋለኛው ሰው እንቆቅልሽ እንደሚሆን ከዚህ እንረዳለን።

ወደ ወረቀቶቹ እንመለስ። ከዐሥራ ሁለቱ ከፊሎቹ በማተሚያ ቤት የታተሙ ናቸው፤ የቀሩት በጽሕፈት መኪና ተጽፈው በማባዣ የተባዙ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ዓይናችንን የሳበው አንድ ባለ አራት ገጽ ወረቀት ነው። በፊቱ የተውኔቱ ርእስ በትልቅ ፊደል ተጽፏል፤ ከሥሩ «ቅዳሜ ጥር 20 ቀን» ይላል። የሚጀመርበት ሰዓት አለ፥ የመግቢያው ዋጋም አለ፤ ዓመተ ምሕረት ግን የለም። በውስጡ የተዋንያኑ ዝርዝር ሲገኝ፥ ወንዶቹ ከነአባታቸው ስም ተጽፈዋል። ዋናይቱን ሴት የተጫወተችው ልጅ ግን «ወይዘሪት» ከሚል ማዕርግ ጋር በአንድ ስም ብቻ ተጠርታለች። ጉዳያችን ማንንም መውቀስ ስላይደለ የተውኔቱንም የቴያትር ቤቱንም ስም አናነሣም። እንዲህ ያለው አጻጻፍ በዘመኑ የተለመደ ነበር።

የዚህን ልማድ ምክንያት ለማወቅ የቴያትራችንን ታሪክ በአጭሩ መመልከት ይገባል። በዘመናዊ መልክ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ የተጻፈው ተውኔት የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ» እንደ ሆነ ይታወቃል። ደራሲው በሩስያ የተማሩ ሰው ነበሩ። አራዊትን ሰው አስመስለው በማናገር የቤተ መንግሥቱን አሠራር ስለ ነቀፉበት፥ ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን እንደ ታገደ ይተረካል። የታየበት ቦታ ቴራስ የሚባለው ሆቴል መሆኑ ይነገራል። ዘመኑን በተመለከተ ግን ጸሐፊዎች አልተስማሙም፤ አንዳንዶቹ በ1913 ዓ.ም. ገደማ ነው ሲሉ፥ ሌሎቹ ወደ ልጅ ኢያሱ ዘመን ይመልሱታል። በዚህ ላይ የእኛና የአውሮፓውያን አቈጣጠር የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለው፥ ዓመቱን አንዱ ከሌላው ሲገለብጥ «ዓመተ ምሕረት» ወይም «እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር» የሚለው ቃል ከወደቀ ስሕተቱ ይበዛል። በመጀመሪያው ተውኔታችን ልደት ላይ ሊቃውንት የሚከራከሩት ስለ ትልቅ ምሥጢር አይደለም፤ በአንዲት ወረቀት ላይ በአራት አኃዝ ሊጻፍ ይችል ስለ ነበረ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ቴያትር በትምህርት ቤቶች ውስጥ አደገ። ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው የጻፏቸውን ተውኔቶች ተማሪዎች ይጫወቱ ነበር። የሴቱንም ክፍል ብዙ ጊዜ የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። በ1927 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ በተቃረበ ጊዜ፥ ሕዝቡን ለአገሩ ነጻነት ለማነሣሣት በመኰንን ሀብተ ወልድ አሳቢነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። በሀገር ፍቅር መድረክ ዘፈኑ፥ ውዝዋዜው፥ ቀልዱና ተውኔቱ በአንድነት ይቀርቡ ስለ ነበረ፥ «ፕሮግራም» የሚለው ቃል በሕዝቡ ዘንድ ሁለት ትርጓሜ ያዘ። አንደኛው የምሽቱ ዝግጅት ቅደም ተከተል ነው፤ ሁለተኛው ቅደም ተከተሉ የተጻፈበት ወረቀት ነው። ዛሬም ተመልካች «ፕሮግራሙ ጥሩ ነበር» ሲል ዝግጅቱን ማለቱ ነው እንጂ ወረቀቱን ማለቱ አይደለም። ወረቀቱ የዝግጅቱ ጥላ ሆኖ ተቈጠረ ማለት ነው፤ ለጥላ ደግሞ ማን ይጠነቀቅለታል?

የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት 25ኛ ዓመት በተከበረበት በ1948 ዓ.ም.፥ ከለገሃር ከፍ ብሎ ትልቁ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር ተከፈተ። ሕንጻው በጣልያን ዘመን ለሲኒማ ተብሎ ተጀምሮ የቀረ ነበር፤ በፈረንሳዊው አርክቴክት በአንሪ ሾሜት ተፈጸመ። በመክፈቻው የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ታየ። ይኸው ቴያትር ከአብዮቱ በኋላ ብሔራዊ ቴያትር ተብሏል። የካዛንቺስና የቂርቆስ ሰው በመስቀል አደባባይና በስታዲዮም አድርጎ፥ የክት ልብሱን ለብሶ፥ በእግሩ እየሄደ ቴያትር ማየት የለመደው በእነዚህ ዓመታት ነው። የእትዬ ባለቤትም ከእነዚህ አንዱ ነበሩ።

የማተሙንም ሥራ ማሰብ ይገባል። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትና ከእርሱ በኋላ የመጡት ማተሚያ ቤቶች ይሠሩ የነበረው በእርሳስ ፊደል ነው። ፊደል ለቃሚው ከ231ዱ ፊደላትና ከዲቃሎቻቸው መካከል አንዱን እየለቀመ መስመሩን ይሞላል። እያንዳንዱ ቃል ጊዜና ገንዘብ የሚያስከፍል ስለ ሆነ፥ አዘጋጁ ለዚያ ምሽት ሰው የማያስፈልግ የመሰለውን ሁሉ ያስቀራል። ለዚያ ምሽት ሰው ደግሞ ዓመቱ የታወቀ ነው፤ ልጅቱንም ሁሉም በዓይኑ ያያታል። ስለዚህ ዓመቱም የአባት ስምም ተረፈ ነገር መስሎ ታየ።

ይህ የእኛ አገር ጉድለት ብቻ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት በለንደን ይታተሙ ከነበሩት የቴያትር ማስታወቂያዎች ብዙዎቹ የሳምንቱን ቀንና ወሩን ይናገራሉ እንጂ ዓመቱን አይጽፉም። የዛሬዎቹ የታሪክ ሊቃውንት ቀኑንና ዕለቱን እያገናዘቡ ዓመቱን ለማውጣት ይደክማሉ። እኛም በዚያ እሑድ ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ መሣሪያችን ግን የአባቶቻችን ባሕረ ሐሳብ ነበረ።

አካሄዱ ቀላል ነው። ዓመቱ 365 ቀን ስለ ሆነ፥ ይኸውም 52 ሳምንትና አንድ ቀን ስለ ሆነ፥ ጥር 20 በየዓመቱ አንድ ዕለት ወደ ፊት ይራመዳል። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ግን ጳጕሜን 6 ቀን ስለምትሆን፥ በሚቀጥለው በዘመነ ዮሐንስ ሁለት ዕለት ይራመዳል። በዚህ መንገድ ሲቈጠር ጥር 20 ቅዳሜ ላይ የሚውለው አንድ ጊዜ በ5፥ አንድ ጊዜ በ6፥ አንድ ጊዜም በ11 ዓመት ነው። ከ1934 እስከ 1966 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ውስጥ ብንፈልግ፥ ጥር 20 ቅዳሜ የዋለው በ1936፥ በ1942፥ በ1953፥ በ1959 እና በ1964 ዓ.ም. ብቻ ነው። ተውኔቱ በልዩ ልዩ ዓመታት ደጋግሞ የታየ ስለ ሆነ ርእሱ ብቻውን ከአምስቱ አንዱን አይመርጥልንም።

ለየልን ያሉት እትዬ ናቸው። ያን ተውኔት ለማየት ከባለቤታቸው ጋር ሲሄዱ የበኵር ልጃቸውን አርግዘው እንደ ነበረ፥ ወንበሩም ጠብቧቸው በዕረፍቱ ሰዓት ቆመው እንዳሳለፉ ያስታውሳሉ። ያች ልጅ በዚያ ቀን ቡናውን ስታፈላልን የነበረችው የቤቱ ባለቤት፥ ዛሬ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። የተወለደችው በሚያዝያ 1959 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ወረቀቱ የጥር 20 ቀን 1959 ዓ.ም. ሆነ ማለት ነው። መምህርቷ ወረቀቱን ተቀብላ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው።

በዚህ ምክንያት የተነሣው ጨዋታ ስለ ፕሮግራም አሠራር ወደ መከራከር መራን። በቤቱ ውስጥ የነበርነው ሁላችንም ቴያትር የምናይ ስለ ሆንን፥ የእያንዳንዱን አስተያየት በአጭሩ እናቀርባለን።

እትዬ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት የፊደሉን መጠን ነው። በዛሬዎቹ አንዳንድ ወረቀቶች ላይ ፊደሉ ደቃቅ፥ መደቡም ጥቁር ወይም ቀይ ስለሚሆን፥ በአዳራሹ ደብዛዛ ብርሃን መነጽር ያደረገ ሰው እንኳ ሊያነበው አይችልም አሉ። ይህ አስተያየት እውነተኛ መሠረት አለው። በቀድሞ ዘመን በአውሮፓ አዳራሹ በሻማ ወይም በጋዝ ስለሚበራ ተመልካቹ ተውኔቱ እየታየ ወረቀቱን ሊያነብ ይችል ነበር። በ1876 እ.ኤ.አ. ሙዚቀኛው ዋግነር በባይሮይት ከተማ አዳራሹን አጨልሞ ማሳየት ጀመረ፤ በ1881 እ.ኤ.አ. ደግሞ በለንደን የሳቮይ ቴያትር በኤሌክትሪክ በራ። ጨለማው አዳራሽ ልማድ ከሆነ ወዲህ ወረቀቱ የሚነበበው መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎችና በዕረፍቱ ነው። ስለዚህ ንድፉን የሚያወጣው ሰው ወረቀቱን በቢሮው መስኮት አጠገብ ሳይሆን በአዳራሹ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊፈትነው ይገባል።

መምህርቷ የተናገረችው ስለ ታሪኩ ማጠቃለያ ነው። ተማሪዎቿን ይዛ በምትሄድበት ጊዜ፥ ወረቀቱ ዘመኑንና ቦታውን፥ የባለታሪኮቹንም ዝምድና ቢነግራት ልጆቹን ለማዘጋጀት ይረዳት እንደ ነበረ ገለጠች። ነገር ግን አንዳንዱ ጸሓፊ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ተርኮ ስለሚያወጣው፥ ልጆቹ የሚሞተው ማን እንደ ሆነ አውቀው ይገባሉ። በእርሷ አሳብ ማጠቃለያ እንደ በር ነው፤ ወደ ቤት ያስገባል እንጂ ጓዳውን አያሳይም።

የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሆነው ወዳጃችን ያማረረው የምስጋናና የመልካም ምኞት ገጾችን ብዛት ነው። አንድ ተውኔት በሚመረቅበት ቀን በሚታደለው መጽሔት ከፊተኛው ገጽ ጀምሮ የድርጅቶች ማስታወቂያ ይደረደራል፤ የተዋንያኑ ዝርዝር የሚገኘው በመጨረሻ ነው። እዚህ ላይ ግን ሌላው ወገን መልስ አለው፤ ማስታወቂያው የማተሚያውን ዋጋ ይከፍላልና። ይህም አዲስ ነገር አይደለም። በኒው ዮርክ ከ1884 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመው «ፕሌይቢል» የተባለው የቴያትር መጽሔት ለተመልካቹ በነጻ የሚታደለው ማስታወቂያ ወጪውን ስለሚሸፍንለት ነው፤ በለንደን ግን ተመልካቹ ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙን በገንዘብ ይገዛል። እንግዲህ ጥያቄው ማስታወቂያ ይኑር ወይስ አይኑር ሳይሆን፥ ቦታው የት ይሁን የሚለው ነው።

ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ተማሪ ደግሞ ወረቀት ለምን ያስፈልጋል አለ። በአዳራሹ በር ላይ በስልክ ካሜራ የሚነበብ ምልክት ቢለጠፍ፥ ሁሉም በስልኩ ከፍቶ ሊያይ ይችላል፤ ፊደሉንም እንደ ወደደ ሊያጎላው ይችላል፤ የማተሚያውም ገንዘብ ይተርፋል። አሳቡን ሁላችንም ወደድነው። እትዬ ግን፥ ልጄ፥ የዛሬ ስድሳ ዓመት ይኸን ስልክህን ከየትኛው ሣጥን ያወጡታል? ብለው ጠየቁት። ተማሪው ሣቀ፥ እኛም ሣቅን፤ ቈይተን ግን ጥያቄው የሚያሥቅ እንዳልሆነ አስተዋልን። በስልክ የሚታየው ገጽ የሚከፈለው ክፍያ ሲቋረጥ ወይም አድራሻው ሲለወጥ ይጠፋል። የእትዬ ወረቀት ግን የመንግሥት ለውጥን፥ ጦርነትንና የሠፈር መፍረስን አልፎ ከክሩ ጋር ደርሶናል። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለዚህ ነው።

እነዚህን አስተያየቶች ሁሉ ስንመዝን፥ ተመልካቾች የሚጠይቁት ጌጥ እንዳልሆነ እንረዳለን። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ሪሜል የተባለ የለንደን ሽቶ ነጋዴ የቴያትር ፕሮግራሞችን ሽቶ እያርከፈከፈ ያሳትም ነበር። የእኛ ተመልካች ሽቶ አልጠየቀም፤ የሚነበብ ፊደል፥ የማያጋልጥ ማጠቃለያ፥ ቦታውን ያወቀ ማስታወቂያ ጠየቀ። እነዚህ ለዛሬ ተመልካች ናቸው። እኛ ደግሞ ለነገው ተመልካች፥ ማለት ለታሪክ ተማሪው፥ ሁለት ነገር እንጨምርበታለን። አንደኛው ሙሉ ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ ነው። ሁለተኛው የሠሩት ሰዎች ሁሉ ስም ከነአባታቸው፥ ከደራሲውና ከአዘጋጁ ጀምሮ እስከ መብራት ሠራተኛውና እስከ ልብስ ሰፊው ድረስ ነው። ሁለቱም ተጨምረው ከግማሽ ገጽ አይበልጡም።

ከሁለቱ የሚበልጠው የትኛው ነው ብንባል፥ ያለ ማመንታት ስሙ ነው እንላለን። ወይዘሪት ተብላ በአንድ ስም ብቻ የተጻፈችውን ልጅ ማንነት ለማወቅ ቴያትር ያዩ የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎችን ጠይቀን ነበር፤ አንዱ አንድ ስም፥ ሌላው ሌላ ስም ነገሩን። ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ሆኖ ይቈጠር በነበረበት ዘመን እነ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴና እነ አስናቀች ወርቁ ነቀፋውን ችለው ወጥተው መንገዱን ጠርገዋል፤ ስማቸውም ይታወሳል። እነርሱን ተከትለው ከወጡት መካከል ግን ስማቸው በግማሽ ተጽፎ የቀረ አሉ። ምናልባት የአባት ስም የተተወው ቤተ ሰቡን ከሐሜት ለማዳን ይሆናል፤ ምናልባትም ቦታ ለመቈጠብ ይሆናል። ምክንያቱ ምንም ቢሆን ውጤቱ አንድ ነው። እትዬ አለቃቀሷን እስከ ዛሬ ያስታውሳሉ፤ ሲያመሰግኗት ግን በማን ስም እንደሚያመሰግኗት አያውቁም። የጠፋውን ዓመት በባሕረ ሐሳብና በአንዲት እናት ትዝታ አወጣነው፤ ያልተጻፈውን ስም ግን በምንም ሐሳብ ማውጣት አይቻልም።

ስለዚህ ቴያትር ቤቶችና የተውኔት አዘጋጆች ይህን ጥቂት ነገር እንዲያስቡበት እንለምናለን፤ መምህራንም ተማሪዎቻቸው በየትምህርት ቤቱ ለሚያሳዩት ትንሽ ተውኔት እንኳ የተሟላ ወረቀት እንዲያዘጋጁ ቢያለማምዷቸው መልካም ነው። የሚያሳትመው ስልክ ላይ ቢያወጣውም ጥቂት ቅጂ በወረቀት አትሞ ለቤተ መጻሕፍት ቢሰጥ ይበጃል። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ያላችሁ አንባብያንም፥ ቤት ሲለቀቅና ዕቃ ሲነሣ ከቈሻሻ ጋር እንዳይጣል ጠብቁት፤ የምታውቁትን ዓመትና ስም በጀርባው ጻፉበት።

እኛ ከመነሣታችን በፊት እትዬ ብዕር አስመጡና በወረቀቱ ራስጌ፥ «ጥር 20 ቀን» ከሚለው ቀጥሎ፥ በራሳቸው እጅ «1959 ዓ.ም.» ብለው ጻፉበት። ከዚያም ወደ ውስጥ ገልጠው በልጅቱ ስም አጠገብ ብዕሩን ጥቂት ይዘው ቈዩ፤ ቈይተው ክዳኑን ገጠሙት። ያ ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።